በቁሙ የተለቀሰለት ሐይቅ

ቦኖው ግጥሙን ሳይጨርስ ውሃ አይሰጥም። የሸሊቆ ሰው ይህን ከለመደ ቆይቷል። ጠዋት ጠዋት ጀሪካኑን ይዞ ይሰለፋል፤ ተራው ሲደርስ ከቧንቧው በላይ ከተተከለችው ጥቁር መስታወት ፊት ይቆማል፤ ቧንቧው የሰሞኑን ሙሾ ያወርዳል፤ መስታወቷ የቆመውን ሰው ፊት ታያለች። ሐዘኑ ከደረሳት ጀሪካኑ ይሞላል። ካልደረሳት ግማሽ ላይ ቀጥ ይላል። ስለዚህ አገሬው «የቦኖ ፊት» የሚባል ነገር አወጣ። ቅንድብ ወደ ላይ፣ ከንፈር ወደ ታች፣ ዓይን እርጥብ። ባል አምሽቶ ገብቶ ለሚስቱ ሲያመካኝ፣ ልጅ ጥፋቱን ሊሸሽግ ሲያለቃቅስ፣ «የቦኖ ፊትህን ለቦኖ አድርገው» ይባላል።

የዚያን ሰሞን ቦኖው የሚያወርደው ከምዕራብ አፍሪካ የመጣ ግጥም ነበር። ወንዟ የደረቀባት ሴት የጻፈችው ነው። «ወንዜ ሆይ፣ ስምሽን ለልጄ አወጣሁላት፤ ልጄ በስምሽ ስትጠራ ውሃ ጠማት» ይላል አንዱ ስንኝ። መጀመሪያ ሲሰማ የሸሊቆን ሰው አንጀት በልቶት ነበር። ሲደጋገም ግን ልጆች ገመድ ሲዘሉ ይሉት ጀመር።

ነገሩ ሲጀመር ደግ ነበር። በየአገሩ ያሉ ገጣሚዎች ስለሚሞት ወንዝ፣ ስለሚቃጠል ደን፣ ስለሚሸሽ ዝናብ ጻፉ። ሰው አነበበና አዘነ። ያዘነ ሰው ደግሞ መርዳት ይወዳል። ከባሕር ዳርቻ ጨው እየተጣራለት በቱቦ የሚመጣው ውሃ ለአህጉሩ ሁሉ አልበቃ ሲል፣ «እንግዲያስ ይበልጥ ላሳዘነን እንስጥ» ተባለ። የምድር ግጥም ሸንጎ የሚባለው የተቋቋመው ያኔ ነው። በየዓመቱ ከየወረዳው ግጥም ይቀበላል፤ ያሸነፈ ይጠጣል፤ ተደጋግሞ የተሸነፈ ወረዳ ግን ቦኖው ይዘጋና ሰዉ በመኪና ተጭኖ ቆላ፣ መስፈሪያው ይወሰዳል። ክፋት አስቦ ያደረገው ሰው የለም። ሁሉም አዝኖ ነው ያደረገው።

አስካለ ይማም የቦኖ ፊት አያስፈልጋትም። በሙያዋ አልቃሽ ናት። በሸሊቆ ዙሪያ የሞተ ሰው እሷ ሙሾ ሳታወርድለት አፈር አይቀምስም። እንባዋ እንደ ደጅ ውሻ ስትጠራው ይመጣል፤ በቃህ ስትለው ይመለሳል። መስታወቷ አንድ ቀን እንኳ ጀሪካኗን አጉድላባት አታውቅም። ጎረቤቶቿ አስተምሪን ይሏታል፤ እሷም «መጀመሪያ የሚሞትባችሁ ሰው ውደዱ» እያለች ትስቅባቸዋለች።

የወረዳው የግጥም ጉዳይ ኃላፊ ምትኩ ነበር፤ ልቡ ደግ፣ ግጥሙ ክፉ። ክረምቱ ሊገባ ሲል ማለዳ ቤቷ መጣና በርጩማ ላይ ጫፉን ተቀመጠ።

«እትዬ አስካለ፣ ዘንድሮ ካላሸነፍን ቦኖው ይዘጋል። ሸንጎው ቁርጡን ነግሮኛል።»

«ታዲያ ጻፋ። ደሞዝ የሚከፍሉህ ለምንድን ነው?»

«ጻፍኩ እንጂ። በየዓመቱ ጻፍኩ።» ጉሮሮውን ጠራረገና አሰማት።

*ተነሱ ወገኖች ችግኝ እንትከል፣*
*ለዘላቂ ልማት በጋራ እንታገል።*

አስካለ ከላይ እስከ ታች አየችው። «ምትኩዬ፣ ይሄን ሰምቼ እኔ ብሆን ያለህንም ውሃ እቀማህ ነበር።»

ምትኩ አልተቀየመም። ስድብ ለምዷል። «ተማጽኖ ነው የላኩት» አለ። «ውዳሴም ልኬ አውቃለሁ። ዳኞቹ ግን ሙሾ ካልሰሙ አንጀታቸው አይላወስም። እስካሁን ያሸነፈው ሁሉ ሙሾ ነው። አንቺ ደግሞ...»

«ለማን ነው የማለቅሰው?»

«ለሐይቁ።»

«ሐይቁ ምን ሆነና?»

ምትኩ በበሩ በኩል ወደ ታች አየ። ሸሊቆ ሐይቅ ከስቷል። ድሮ ውሃ የነበረው ዳርቻ ተሰነጣጥቆ ነጭ አመድ መስሏል። መሃሉ ላይ ግን አሁንም ሰማያዊ ነው፤ ደንገሉ ቆሟል፤ አንዲት ታንኳ እየተንቀሳቀሰች ነው። ጨዋማ ስለሆነ በጥሬው አይጠጣም እንጂ ከብት ይታጠብበታል፣ ሰው ይታጠብበታል፣ እንድሪስ ዓሣ ያወጣበታል። ዝናብም ያዘለው ደመና የሚነሣው ከእሱ ነው ይላሉ ሽማግሌዎቹ።

«በቁሙ አይለቀስም» አለች አስካለ።

«ሐይቅ እኮ ነው፣ እትዬ። ሰው አይደለም።»

«ደምሌም ሰው ነበር፤ ምን አገኘ?»

የደምሌን ታሪክ ምትኩ ከልጅነቱ ያውቀዋል፤ የሸሊቆ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። እሷ ግን ነገረችው፤ ካልነገረችው አይሆንላትም። በእናቷ ዘመን ደምሌ የሚባል ሰው ዘመቻ ሄዶ መርዶው መጣ። እናቷ ሙሾውን አወረደች። ያን የመሰለ ሙሾ ከዚያ ወዲያ አልተሰማም ይባላል። ተዝካሩ ተበላ፤ በሬው ለወንድሙ ሆነ፤ ሚስቱ ሌላ አገባች። ከዓመታት በኋላ ደምሌ በእግሩ መጣ። ሰው አቀፈው፣ ሳመው፣ አበላው። በሬውን የመለሰለት ግን አልነበረም። ሽማግሌ ቢቀመጥ፣ «ልጄ፣ ተዝካርህን በልተናል፤ የበላነውን ደግሞ አንተፋም» አሉት። ቀሪ ዘመኑን በገዛ መንደሩ እንግዳ ሆኖ ኖረ። ልጆች ሲያልፍ «ሟቹ መጣ» ይሉት ነበር። እናቷ እስክትሞት ድረስ ደምሌን ስታይ መንገድ ትቀይር ነበር፤ ለልጇም ያወረሰቻት ይህንኑ ነው። ሬሳውን ሳታዪ አታልቅሺ።

ምትኩ ተነሥቶ ሄደ። በሩ ላይ ዞር ብሎ፣ «መኪኖቹ መስከረም ላይ ይመጣሉ» አለ።

አስካለ የተጨነቀችው ለራሷ አልነበረም። ልጇ ዘምዘም አራስ ናት፤ ወንድ ልጅ ወልዳለች። ቆላው መስፈሪያ ምን እንደሚመስል አስካለ ታውቃለች። ባለፈው ዓመት የላይኛው መንደር ሰው ተጭኖ ከወረደ በኋላ፣ እናቶች ከዚያ እየደወሉ ለሞቱባቸው ልጆች በስልክ እንድታለቅስላቸው ይለምኗት ነበር። መጀመሪያ አለቀሰች። በየሕፃኑ ስም፣ በየአባቱ ስም። በኋላ ስልኩ ሲጠራ ማንሣት ተወች። የሕፃን ሙሾ አጭር ነው፤ የሚነገርለት ሥራ የለውማ።

«እማዬ፣ እኔስ እሄዳለሁ» አለች ዘምዘም፣ ልጁን ጡት እያጠባች። «እሱ ነው ያን ሙቀት የማይችል።»

አስካለ ነጠላዋን አንሥታ ወደ ሐይቁ ወረደች።

እንድሪስ ታንኳውን ወደ ዳር እየገፋ ነበር። በሐይቁ ላይ የቀረ ብቸኛ ዓሣ አጥማጅ እሱ ነው፤ ከአስካለ ባል ጋር አብሮ አደግ፣ ከሷም ጋር የቆየ ቀልደኛ። ስታየው «አያ እንድሪስ፣ ውሃው ላይ አውጣኝ» አለችው።

«ምነው፣ በስተርጅና ዓሣ ልታጠምጂ?»

«አውጣኝ አልኩህ።»

መሃል ደረሱ። እንድሪስ መቅዘፊያውን አቆመና በጣቱ ወደ ታች አሳያት። ውሃው ከሥር ይፍለቀለቃል። የሐይቁ ዓይን ይሉታል፤ ከመሬት ሆድ የሚወጣ ምንጭ ነው። «ይሄ እስካለ ሸሊቆ አይሞትም» አለ እንድሪስ። «እንደኔ ነው። ሥጋው አለቀ እንጂ ትንፋሹ አለ።» አስካለ እጇን ሰድዳ ነካችው። ቀዝቃዛ ነው። እጇን አፍንጫዋ ጋ ወሰደች፤ ደንገል ደንገል ይሸታል። ልጅ ሆና እናቷ እዚህ ስታጥባት የነበረው ሽታ ነው።

«አያ እንድሪስ፣ አለቅስለታለሁ» አለችው። ለማን እንደሆነ አልጠየቃትም። ነገሩ በመንደሩ ተወርቷል።

እንድሪስ መቅዘፊያውን ጭኑ ላይ አጋደመ። «ይሰማሻል እኮ» አለ።

«ማን?»

«እሱ። ስታለቅሽለት ይሰማሻል።»

«የልጄ ልጅ ነው፣ እንድሪስ። ምን ላድርግ?»

እንድሪስ ቀዝፎ ወደ ዳር መለሳት፤ ሲያወርዳትም ክንዷን ይዞ እንዳትወድቅ ደገፋት።

አልቃሽ ሙሾ የምታወርደው ከምንም ተነሥታ አይደለም። የሟቹን ሥራ ትጠይቃለች፤ ፈረሱ ምን ይባል ነበር፣ ማንን አብልቶ ነበር፣ ማን ቀረበት። አስካለም ለሐይቁ እንዲያ አደረገች። ታንኳው ስለሚቀርበት ስለ እንድሪስ፣ ነጠላ አዘቅዝቆ ስለቆመው ደንገል፣ ስለ እንቁራሪቶቹ አሰበች። ምትኩ ቢሮ ገብታ መቅጃው ፊት ስትቆም እንባዋን አልጠራችውም። ራሱ ቀድሟት መጥቶ ነበር።

*ሰው ቢሞት በውሃ አጥበው ይቀብሩታል፣*
*ውሃ ሲሞትብን በምን ያጥቡታል?*

*እንድሪስ ታንኳህን ፍለጠው ማገዶ፣*
*ጌታህ ላይመለስ ሄዷል መሬት ወርዶ።*

*ደንገል አዘቅዝቆ ነጠላ ለበሰ፣*
*የእንቁራሪት ማኅሌት በድንገት ፈረሰ።*

ሌላም ብዙ አለች። ስትጨርስ ምትኩ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ይንሰቀሰቅ ነበር። አስካለ እንዲህ ያለ ሙሾ አውርዳ አታውቅም፤ ይህን ማወቋ ደግሞ አስፈራት። ደስም አላት። እውነቱን መደበቅ አይቻልም፤ ጥሩ አልቃሽ ሬሳው ፊት ቆማም ቢሆን ስንኙ ሲሰምርላት ደስ ይላታል።

ሸሊቆ አሸነፈ። ከአህጉሩ ሁሉ አንደኛ። ቦኖው በየሰፈሩ እንደ ልቡ ፈሰሰ፤ መኪኖቹ ሌላ ወረዳ ሄዱ። የመንደሩ ሰው ፍየል አርዶ አስካለን በትከሻው ተሸከማት። ሙሾዋ በየቋንቋው ተተረጎመ፤ በደቡብም በምዕራብም ያሉ ሰዎች በየቦኖአቸው ፊት ቆመው ለሸሊቆ አለቀሱ። የትምህርት ቤት ልጆች በቃላቸው ያዙት። አንዳንድ ከተማ ውስጥ ሠርግ ላይ ሳይቀር ተነበበ አሉ፤ ሰው ማልቀስ ሲወድ ቦታ አይመርጥም። ዘምዘም ልጇን ታቅፋ በሩ ላይ ተቀምጣ ትስቅ ነበር። አስካለ ያን ሳቅ ስትሰማ፣ ደምሌን ለመርሳት ትንሽ ቀርቷት ነበር።

ከዚያ የሸንጎው ሰዎች ቱቦ ጭነው መጡ። ትሑቶች ናቸው። ሁሉም ጥቁር ለብሰዋል። ሐይቁ ዳር ደርሰው ባርኔጣቸውን አውልቀው በዝምታ ቆሙ፤ ከዚያ መሣሪያቸውን ማውረድ ጀመሩ። ምትኩ ምን እንደሚሠሩ ሲጠይቅ፣ አለቃቸው ገርሞት አየው። ሕያው ውሃ የአካባቢው ነው አለው፤ የሞተ ውሃ ግን የሁሉ ነው። ከሟቹ የቀረው ተጣርቶ ለተጠሙት ይከፋፈላል። ይህ የቆየ ሕግ ነው። ሙሾ የተላከለት ውሃ እንደ ሞተ ይቆጠራል፤ አለዚያማ ማን በቁሙ ላለ ዘመዱ ያለቅሳል?

ምትኩ ሕጉን ያውቀው ነበር። ሙሾውን ሲልክ ግን ትዝ አላለውም፤ ሲልክ የነበረው ግጥም ነው፣ መርዶ አልነበረም።

ሰዎቹ ቀጥሎ እንድሪስን ጠሩት። ሙሾው ውስጥ ስሙ አለ። ታንኳው ማገዶ መሆን ነበረበት፤ ለምን እስካሁን ውሃ ላይ እንዳለ ጠየቁት። «ሐይቁ አለ» አላቸው እንድሪስ፤ «ኑና ዓይኑን ላሳያችሁ።» አጽናኑት። አንዱ ትከሻውን አቀፈው። ሌሎቹ ታንኳውን ወደ ዳር ጎትተው በመጥረቢያ ፈለጡት፤ ፍልጡንም በሥርዓት አስረው ደጁ ድረስ አደረሱለት።

አስካለ ይህን ስትሰማ እየሮጠች ምትኩ ቢሮ ገባች። «አገናኘኝ» አለችው። «ከዚያች ከዳኞቹ አለቃ ጋር አገናኘኝ።»

የዳኞቹ ሰብሳቢ በግድግዳው ላይ ታየች። ማዳም አዋ ትባላለች፤ ጠና ያለች፣ ፊቷ የደከመ ሴት። «ወንዜ ሆይ» የሚለውን ግጥም የጻፈችው እሷ ናት፤ በዚያ አሸንፋ ነው ዳኛ የሆነችው። በራሷ ቋንቋ ትናገራለች፤ ንግግሯ በአማርኛ ተመልሶ ይሰማል።

«ወይዘሮ አስካለ፣ እንኳን በደኅና መጡ። ሙሾዎን ስሰማ፣ አባቴ የሞተ ዕለት ያላለቀስኩትን አለቀስኩ።»

«እመቤቴ፣ ላልሞተ ነው ያለቀሱት» አለች አስካለ። «ሐይቁ በሕይወት አለ። ከሥሩ ይፈልቃል። በእጄ ነክቼዋለሁ። እኔ ነኝ የዋሸሁት፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ሰዎቹ ይመለሱ።»

በማዳም አዋ ፊት ላይ ምንም ቁጣ አልነበረም።

«ሐዘንተኛ ሁሉ አልሞተም ይላል» አለች። «እኔም ለወንዜ ብዬ ነበር።»

«ያንቺስ... የእርስዎስ ወንዝ ሞቶ ነበር?»

«አሁን ሞቷል።»

ምትኩ መሬት መሬት ያይ ነበር። ማዳም አዋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሙሾዎን ማንሣት ይችላሉ፣ ወይዘሮ አስካለ። መብትዎ ነው። ካነሡት ቱቦው ይነሣል። ሽልማቱም አብሮ ይነሣል፤ መኪኖቹ ነገ ይመለሳሉ። ያነሣሉ?»

አስካለ አፏን ከፈተች። በመስኮቱ ማዶ፣ ቤቷ ደጅ ላይ ዘምዘም የልጁን ልብስ እያሰጣች ነበር። ልጁ ጀርባዋ ላይ ነው፤ ጭንቅላቱ ብቻ ይታያል። ስልካቸውን ማንሣት የተወችባቸው እናቶች ትዝ አሏት። ሐይቁም ከታች ይታያታል፤ ታንኳ የለበትም። አነሣለሁ ብትል ልጁ፣ አላነሣም ብትል እሱ። ይህን ያህል ዘመን ለሰው ሁሉ ቃል ስታገኝ የኖረች ሴት፣ ለራሷ አንድ ቃል አጣች።

«ዝምታዎን እንደ ሐዘን እንይዘዋለን» አለች ማዳም አዋ። ግድግዳው ጠፋ።

ሸሊቆ ለመሞት ጊዜ ወሰደ። ጠንካራ ነበር። ሰዎቹ ቀን ቀን በቱቦ ይመጥጡታል፤ በማግሥቱ ተመልሶ ትንሽ ሞልቶ ያገኙታል፤ ዓይኑ ይፈልቃል። «ይሄ ነገር አይሞትም እንዴ?» አለ አንዱ ሠራተኛ፣ ሬሳ ሲገንዝ ሬሳው እንደ ተነሣበት ሰው ደንግጦ። በመጨረሻ ቱቦውን ራሱ ዓይኑ ውስጥ ሰደዱት። ደንገሉ ቢጫ ሆነ፤ ከዚያ ወደቀ። እንቁራሪቶቹ ዝም አሉ። ሙሾው ላይ ያለው ሁሉ አንድ በአንድ ሆነ፤ ሸንጎውም ይህን አይቶ ግጥሙ ምን ያህል ትክክል እንደ ነበር መሰከረ።

እንድሪስ ፍልጡን አላነደደውም። ደጁ ላይ ደርድሮ ይቀመጥበታል። አስካለ ሰላም ስትለው ይመልሳል። አንድ ቀን ብቻ፣ ሌላ ነገር ሲያወሩ ቆይተው፣ «አሳምረሽ ነው ያለቀስሽለት» አላት። ሊያቆስላት ብሎ አልነበረም። እውነቱን ነው፤ እሷም አወቀችው፤ ለዚህ ነው የከበዳት።

አንድ ጠዋት ቦኖው ግጥም ለወጠ። ከሐይቁ የተጣራው ውሃ ለየወረዳው ሲከፋፈል ለሸሊቆም ሰው ድርሻው ደርሶት ነበር፤ ቦኖ ደግሞ የሚያፈሰውን ውሃ ሙሾ ማውረድ ሥርዓቱ ነው። አስካለ ጀሪካኗን ይዛ ተሰልፋለች። ከፊቷ ያሉት ሴቶች የቦኖ ፊታቸውን እየሠሩ አንድ በአንድ ቀረቡ፣ ቀድተው ሄዱ። ተራዋ ሲደርስ ከመስታወቷ ፊት ቆመች። ቧንቧው በገዛ ድምፅዋ ጀመረ።

*ሰው ቢሞት በውሃ አጥበው ይቀብሩታል...*

አስካለ ድምፅዋን እንደ ሌላ ሰው ድምፅ አዳመጠችው። እንባዋን ጠራችው። አልመጣም። እንደገና ጠራችው። መስታወቷ ውስጥ የራሷ ፊት ይታያታል፤ ደረቅ ነው፤ ቅንድቡ ያለበት፣ ከንፈሩ ያለበት ነው። ሙሾው አለቀ። ውሃው ጀሪካኑን ግማሽ ላይ አድርሶ ቀጥ አለ። «በሐዘንዎ ይቆዩ» አለ ቦኖው በትሕትና፤ ግጥሙንም ከመጀመሪያው ጀመረላት። ለተሸላሚ የተፈቀደ ክብር ነው፤ ለሌላ ሰው አይደግምም።

ሁለተኛም አለቀ። ፊቷ አልተንቀሳቀሰም። ከኋላዋ ሰልፉ ይጉረመረም ጀመር። አንዷ ሕፃን አዝላለች፤ አንዱ ጀሪካኑን በእግሩ ይገፋል። ቦኖው ሦስተኛ ጀመረላት።

እንድሪስ ከኋላዋ ነበር። የቦኖ ፊት ዕድሜውን ሙሉ አልሆን ብሎት በግማሽ ጀሪካን የኖረ ሰው ነው። ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ።

«አስካለ» አላት፣ ቀስ ብሎ። «አልቅሺ እንግዲህ። ሰዉ ጠምቶታል። እሱም ደግሞ አሁን ሞቷል።»

ያኔ አለቀሰች። ነጠላዋን አዘቀዘቀች፤ ደረቷን መታች፤ እንባው ከየት እንደ መጣ ራሷም አላወቀችም። መስታወቷ ሁሉን አየች። ጀሪካኑ እስከ አፉ ሞላ፤ ሞልቶም ፈሰሰ። ሰዉ ከኋላዋ እፎይ አለ።

ቤት ስትደርስ ዘምዘም ልጁን ልብሱን አውልቃ እየጠበቀቻት ነበር። አስካለ ውሃውን ወደ ሳፋው ገለበጠች፤ ልጁን ተቀብላ በመዳፏ ጭንቅላቱን አራሰችው። ልጁ እግሩን አፈራገጠ፤ ደስ ብሎታል።

ዘምዘም ጎንበስ ብላ አሸተተች። «እማዬ፣ የዛሬው ውሃ ደንገል ደንገል ይላል።»

«አንገቱን ደግፊው» አለች አስካለ፤ ማጠቧንም ቀጠለች።